ግሎስተርሸር ውስጥ የድሮ የድንጋይ ቤት ልንገዛ ነው፤ ምን እንይ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከለንደን ወጥተን ግሎስተርሸር ባለው የኮትስዎልድስ ገጠር አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት ለመግዛት እያሰብን ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ነው። የግድግዳው ግርጌ ይረጥባል፤ ሻጩ ግን በቅርቡ በሲሚንቶ እንዳሳደሰው ነግሮናል። የምታውቁ ብትመክሩን?

መልስ፦
እህቴ፣ እንኳን ሳትፈርሚ ጠየቅሽ። ሥራዬ የጥንት ቤቶች እድሳት ነው፤ ግንበኛ ነኝ። ከነገርሽን ሁሉ ያሳሰበኝ ሲሚንቶው ነው።

የዚያ አገር ድንጋይ ማር የመሰለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቀለሙን ያገኘው በውስጡ ካለው ብረት ነው። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ይሁን እንጂ ወጥ አይደለም። ከውስጥና ከውጭ ሁለት ረድፍ ድንጋይ ይቆማል፣ መካከሉ በስብርባሪ ድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ ይሞላል፤ አልፎ አልፎ ሁለቱን ረድፍ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይገባበታል። ከመሬት የሚመጣ እርጥበትን የሚያግድ ንጣፍ የለውም። የገባው ውሃ በኖራው መገጣጠሚያ በኩል ተንኖ ይወጣል። ኖራው ከድንጋዩ ስለሚለሰልስ በዘመናት ውስጥ የሚያልቀውም የሚተካውም እሱ ነው፤ ድንጋዩ ይተርፋል። የጎንደር አብያተ መንግሥትም የቆሙት በኖራ ነው፤ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ግን ውሃው መውጫ ያጣል፤ በድንጋዩ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል። በብርዱ ወራት ውርጭ ሲመታው ድንጋዩ እየተላጠ ይረግፋል። ወደ ግድግዳው ተጠግተሽ እዪ፤ ሲሚንቶው ወደ ውጭ ወጥቶ ድንጋዩ በመካከሉ ጎድጉዶ ከሆነ ጉዳቱ ሰንብቷል። እርጥበቱን በኬሚካል መርፌ እናደርቃለን የሚሉ ይመጣሉ። ገንዘባችሁን አትስጡ። መጀመሪያ አሸንዳውን፣ ከውጭ ከወለሉ በላይ የተከመረውን አፈርና ሲሚንቶውን መርምሩ።

ጣሪያው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የድንጋይ ንጣፎቹ ከታች ትልልቅ፣ ወደ ላይ እያነሱ የሚሄዱ ናቸው፤ በኦክ እንጨት ችካል ይንጠለጠላሉ። እርስ በርሳቸው ጥብቅ ብለው ስለማይገጥሙ ዝናቡ ቶሎ እንዲወርድ ጣሪያው በጣም ቁልቁል ይሠራል። ድንጋዩ ደህና ሳለ ችካሉ ይበሰብሳልና ባትሪ ይዘሽ ከኮርኒሱ በላይ ግቢ። እዚያው አካባቢ ባይቤሪ መንደር ያለውን፣ አርሊንግተን ሮው የሚባለውን የጥንት ቤቶች ረድፍ ሄዳችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የገዳም የበግ ጠጉር መጋዘን ሆኖ ተሠርቶ፣ በ17ኛው የሸማኔዎች መኖሪያ የሆነ ነው። ያን ቁልቁለት እዚያ በደንብ ታዩታላችሁ።

ዋናውን ልንገርሽ። ምዝገባው የቤቱን ውስጥም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት የቤቱን ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ሻጩ ያለ ፈቃድ የሠራውን እንድታስተካክሉ ትእዛዝ የሚደርሰውም ለእናንተ ሊሆን ይችላል፤ የጊዜ ገደብ የለውም። ስለዚህ የሲሚንቶው ሥራ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ነበር፣ ካስፈለገውም ወረቀቱ የት እንዳለ ጠበቃችሁ በጽሑፍ ይጠይቅ። ቤቱን የሚመረምረውም ባለሙያ ጥንታዊ ሕንፃ የሚያውቅ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1877 እንግሊዛዊው ገጣሚና ንድፍ አውጪ ዊሊያም ሞሪስ የመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር በስልክ በነፃ ያማክራል፤ ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉላቸው።