አስቸኳይ! ለነገ የሠራነው ኢንተርፌሮሜትር መስመሩን አላሳይ አለን

የፊዚክስ ክበብ ደሴ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡20)
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ኤግዚቢሽን አለን። ርዕሳችን «ዓለም አቀፍ የስበት ሞገድ ጣቢያ ወሎ ላይ ቢተከልስ?» የሚል ነው። የስበት ሞገድ ማለት እንደ ጥቁር ጉድጓድ ያሉ ከባድ ነገሮች ሲጋጩ ህዋን ራሱን የሚያርገበግብ ሞገድ ነው። ልጆቹ ፖስተሩን ጨርሰዋል። ችግሩ ሞዴሉ ነው፤ ኢንተርፌሮሜትር ይባላል፣ ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ መልሶ በማገናኘት ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ። አንድ ሌዘር፣ ሁለት የፊት መስታወት፣ መሃል ላይ ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍል ስስ የመስኮት መስታወት። ትናንት ማታ ግድግዳው ላይ ቀይና ጥቁር መስመር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ወይ ይጠፋል ወይ ይንቀጠቀጣል። ምንም አልነካንም! ሌዘሩ ተቃጥሎ ይሆን? ደሴ ውስጥ አሁን ሌዘር የት ይገኛል? እባካችሁ ቶሎ።

ጦሳ ሥር (10፡26)
ወንድሜ ባትሪ ቀይር።

ሰኞ ገበያ (10፡29)
የስበት ሞገድ ወሎ ላይ? ስበቱማ ድሮም አለ። መጥቶ የቀረ እንጂ የተመለሰ አለ እንዴ?

የኮምቦልቻ ቴክኒሻን (10፡35)
ሌዘሩ ከተቃጠለ ነጥቡም አይኖርም። ነጥቡ ካለ ሌዘሩ አለ። ጠረጴዛው ምንድን ነው? የሁለቱ ክንድ ርዝመት (ከመሃሉ መስታወት እስከ እያንዳንዱ የፊት መስታወት ያለው) እኩል ነው? መስመሩ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው የታየው? ይህን ሳትነግሩን ምን እንበላችሁ?

ጡረተኛው መምህር (10፡52)
ልጆች፣ ከባትሪው በፊት ነገሩ ይግባችሁ። ላይጎ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ ሃንፎርድ፣ ዋሽንግተን ግዛት። ሌላው ሊቪንግስተን፣ ሉዊዚያና። እያንዳንዱ እንደ ማዕዘን የተዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉት፤ አንዱ ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ሌዘሩ መሃል ላይ ይከፈላል፣ ጫፍ ካለው መስታወት ነጥሮ ይመለሳል፣ ከጓደኛው ጋር ይገናኛል። የስበት ሞገድ ሲያልፍ አንዱ ክንድ በጥቂቱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። «በጥቂቱ» ያልኩት የፕሮቶንን ስፋት አንድ ሺህኛ ነው። መጀመሪያ የተያዘው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው። 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው አንድ ሆኑ። በ2017 ሦስት ሳይንቲስቶች ኖቤል ወሰዱበት።

አሁን ወደ ርዕሳችሁ። «ወሎ ላይ ቢተከል» ማለት ቀላል ነው። ማን ምን ያዋጣል? ሕንድን ተመልከቱ፤ ሌላ የላይጎ ጣቢያ ልትተክል ነው። የዚያኛው መሣሪያ ዕቃ መጀመሪያ ለሃንፎርድ የታሰበ ነበር። ቀጥሎ ለአውስትራሊያ ቀረበላት። ገንዘቡን በጊዜው ማግኘት አልቻለችምና ቀረ። ከዚያ ለሕንድ ሆነ። አሜሪካ መሣሪያውን ትሰጣለች። ሕንድ ቦታውን፣ ሕንፃውን፣ አየር የተመጠጠበትን ቱቦና ሰዉን ታቀርባለች። የሕንድ መንግሥት በመርህ ደረጃ እሺ ያለው በፌብሩዋሪ 2016 ነው፤ የመጀመሪያው ግኝት ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ። ገንዘቡን ጨምሮ ሙሉ ፈቃድ የሰጠው ግን በኤፕሪል 2023 ነው። 26 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ። ቦታው ማሃራሽትራ ግዛት፣ ሂንጎሊ። ከእሺታ እስከ እሺታ 7 ዓመት! ይህን ፖስተሩ ላይ ጻፉ። ልጆቹ ሌዘር እንዴት እንደሚጠገን ብቻ ሳይሆን አገር እንዴት እንግዳ እንደሚቀበልም ይማሩ።

የፊዚክስ ክበብ ደሴ (11፡05)
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ ሌዘሩ ነው 😭 ደግሞ «ወንድሜ» ላላችሁኝ፣ እህታችሁ ነኝ። ባትሪው አዲስ ነው። ጠረጴዛው የተማሪ ዴስክ ነው። ክንዶቹ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ እኩል ናቸው። ማታ የታየው 3 ሰዓት ላይ ነው። ፖስተሩ ላይ ስለ ቦታ የጻፍነው «የላሊበላ ተራሮች ከፍታ ለስበት ሞገድ ጣቢያ ተመራጭ ያደርጋቸዋል» ነው። ይኼ ይበቃል አይደል?

ሐይቅ ዳር (11፡11)
ይቅርታ እህቴ፣ አይበቃም። እንዲያውም ስህተት ነው። አሁኑኑ ሰርዙት። ከፍታ የሚጠቅመው ብርሃን ለሚያይ ቴሌስኮፕ ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ለዚያ ሸጋ ነው። ላሊበላ አካባቢ ቴሌስኮፕ ይተከል የሚባለውም ለዚህ ነው። የስበት ሞገድ ግን ደመና አይከልለውም። መሬትን ራሷን ሰንጥቆ ያልፋል። ጣቢያው የሚፈልገው ከፍ ያለ ቦታ ሳይሆን ዝም ያለ ቦታ ነው። ሜዳ ሆኖ፣ መንገድና ባቡር የራቀው። 4 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ መስመር፣ በዚያ ላይ በሁለት አቅጣጫ፣ ተራራ አናት ላይ ከየት ይመጣል? ሜዳም ሆኖ ምድር ክብ ናት። በ4 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ትጎብጣለች። ላይጎዎች ቱቦው ቀጥ እንዲል ከመሠረቱ ጀምረው ማስተካከል ነበረባቸው።

ሰኞ ገበያ (11፡14)
ታዲያ ቆቦ ሜዳ ነዋ! ዓይንህ እስኪደክም ሜዳ ነው።

የራያ ልጅ (11፡20)
ቆቦ ሜዳ ባዶ መሬት መሰለህ? ማሽላና ጤፍ ነው። ሽንኩርት ነው። ሁለት የ4 ኪሎ ሜትር ክንድ ሲዘረጋ የስንት ገበሬ ማሳ ይቆርጣል? ከብት ከዚህ ወደዚያ በየት ይሻገራል? «ሜዳ አለ» ብሎ ማቀድ ቀላል ነው። ፖስተራችሁ ላይ ስለ ባለማሳው አንድ መስመር አለ? ካለ ሌላውን ይቅር እላለሁ።

ሐይቅ ዳር (11፡27)
የራያ ልጅ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር። ወሎ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠው። በ1961 እ.ኤ.አ. ካራ ቆሬ ላይ በተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈራርሳለች። በ2005 ደግሞ አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተሰነጠቀ፣ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። እዚህ ጎረቤታችን እኮ ነው። እነ ላይጎን የሩቅ አገር መንቀጥቀጥ እንኳን ሥራ ያስፈታቸዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ርዕሱን «ወሎ ላይ ቢተከልስ?» ከማለት «ወሎ ላይ ይቻላል ወይ?» በሉት። መልሱ «አይቻልም» ቢሆንስ ምን አለበት? ቦታ መርጦ መተውም የዕቅድ ሥራ ነው።

ቧንቧ ውሃ (11፡31)
ተራራውን ለምን ትተዋላችሁ? ጃፓኖች ካግራ የሚባለውን የስበት ሞገድ ጣቢያቸውን የሠሩት ከመሬት በታች ነው፣ ተራራ ውስጥ፣ 3 ኪሎ ሜትር ክንድ። ከ200 ሜትር በላይ ወርደው። እዚያ መሬቱ ጸጥ ይላል። ታዲያ ድንጋይ መፈልፈል ለላሊበላ ሰው ይነገረዋል? 😄

የቢስቲማ ልጅ (11፡33)
ባትሪውን ብትቀይሪው ጥሩ ነው።

የፊዚክስ ክበብ ደሴ (11፡36)
ባትሪው አዲስ ነው አልኩ እኮ!!! ርዕሱን አሁን አልቀይርም፣ ባነር ታትሟል። የላሊበላውን አረፍተ ነገር እናጠፋዋለን። እሺ፣ መስመሩስ?

የኮምቦልቻ ቴክኒሻን (11፡40)
አብሽሪ እህቴ። ማታ 3 ሰዓት ሠርቶ ቀን እምቢ ካለ ዕቃው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ቀን ያለ፣ ማታ የሌለ ነገር ፈልጊ። ክፍሉ አጠገብ ምን አለ? መንገድ? ጄኔሬተር?

የፊዚክስ ክበብ ደሴ (11፡43)
መንገድ የለም። ከአጥሩ ወዲያ ወፍጮ ቤት ነው ያለው። ግን ሁልጊዜ ያለ ነው።

የኮምቦልቻ ቴክኒሻን (11፡44)
እህቴ!!!!

ሰኞ ገበያ (11፡45)
😂😂😂 «ምንም አልነካንም» አለች። ወፍጮው ነካዋ።

የኮምቦልቻ ቴክኒሻን (11፡58)
ስሚኝ። ቀይ ሌዘር 650 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። መስታወቱ የዚያን ግማሽ ሲንቀሳቀስ አንድ መስመር ሙሉ ተገፍቶ ያልፋል። ይኼ ማለት ከፀጉር ስፋት ሁለት መቶ ጊዜ ያነሰ ነው። ወፍጮ ደግሞ ግድግዳ ነው የሚያንቀጠቅጠው። መስመሩ አልጠፋም፤ ዓይንሽ ሊከተለው ከሚችለው በላይ ፈጥኖ እየተወዛወዘ ነው።

ዴስኩን ተይው። ወፍራም የድንጋይ ወይም የሴራሚክ ንጣፍ ፈልጊ፣ በከባዱ። ሥሩ ግማሽ ያህል የተነፋ የባጃጅ የውስጥ ጎማ አድርጊ። ጠንክሮ ከተነፋ አይሠራም፣ ለስለስ ይበል። ሁሉም ነገር ንጣፉ ላይ ይሁን፣ ሌዘሩም ጭምር። ክንዱን ከ30 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር አሳጥሪው። የፊት መስታወቱን ቀይሪው፣ የሚያንጸባርቀው የብር ቅብ ከኋላ ስለሆነ ነጥቡን ድርብ ያደርገዋል። ከተበላሸ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚወጣው ክብ ሳህን ፊቱ ራሱ መስታወት ነው። ከዚያ አንዱን ክንድ በእጅ እየጋረድሽ የትኛው ነጥብ የማን እንደሆነ ለዪ። ደማቆቹን ሁለቱን አንዱ በአንዱ ላይ አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ ነው ሌንስ አድርገሽ ግድግዳው ላይ የምታሰፊው። ልጆቹ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ጨረሩ እንዳያደርጉ።

ጡረተኛው መምህር (12፡04)
ይኼ የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም። ሊቪንግስተን መጀመሪያ ላይ ቀን ቀን መሥራት ያቅተው ነበር። አካባቢው የጥድ ደን ነው። ዛፍ ሲቆረጥ፣ ባቡር ሲያልፍ፣ መሬቱ ይርዳል። ማታ ማታ ነበር የሚሠሩት፣ የመሬቱን እንቅስቃሴ የሚያካክስ መሣሪያ ሥሩ እስኪገባለት ድረስ። አሁን መስታወቶቻቸው 40 ኪሎ ናቸው፣ በአራት ደረጃ እንደ ፔንዱለም ተንጠልጥለዋል። ሃንፎርድ ደግሞ ቁራ አስቸግሯቸው ያውቃል። ቱቦ ላይ የተጋገረ በረዶ ሲጠቀጥቅ መረጃው ላይ ምልክቱ ታየ።

የሆጤ ወፍጮ ባለቤት (12፡15)
ወፍጮ ቤት ምን አደረጋችሁ? ጣቢያው ሲተከል ሳይንቲስቱ እንጀራ አይበላም? ደግሞ ነገ ዓርብ ነው። እኛ ለጁምዓ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት እንዘጋለን። የናንተ ጎረቤትም እንዲሁ ሳያደርግ አይቀርም። ሄደሽ ጠይቂው፣ በደንብ ብታናግሪው ጠዋትም ግማሽ ሰዓት ያቆምልሻል። ሰው ነው እኮ።

ጦሳ ሥር (12፡18)
እስካሁን ከተነገረው ሁሉ ይኼ ይሻላል። የኔን ባትሪ ጨምሮ።

ሐይቅ ዳር (12፡30)
ፖስተሩ ላይ «ለምን አዲስ አገር?» ለሚል ጠያቂ መልስ አዘጋጁ። ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሞገዱ ወደ እያንዳንዱ ጣቢያ የሚደርሰው በትንሽ የጊዜ ልዩነት ነው። ከዚያ ልዩነት ነው ከየት እንደመጣ የሚታወቀው። በሁለት ጣቢያ ብቻ ሰማይ ላይ ረጅም ቅስት ነው የሚወጣው። ኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ጣሊያን ያለው ቪርጎ የሚባለው ሦስተኛ ጣቢያም ስለነበረ ቦታው ወደ 28 ካሬ ዲግሪ (የሰማይ ስፋት መለኪያ ነው) ጠበበ። ቴሌስኮፖች ሄደው ብርሃኑን አገኙት። ሕንድ የተፈለገችውም ለዚህ ነው፣ ከሌሎቹ ራቅ ስለምትል። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ጣቢያ እስካሁን የለም። ጥሩው ክርክራችሁ ይኼ ነው እንጂ ከፍታ አይደለም።

የፊዚክስ ክበብ ደሴ (ከምሽቱ 1፡50)
ሃርድ ዲስክ አገኘን። የባጃጅ ጎማም ተበድረናል። ድንጋዩን የልጆቹ አባት ከቤቱ ደጃፍ ነቅሎ አመጣ 🙈 ነጥቦቹ ገጥመዋል። ግን ወፍጮው ገና እየሠራ ነው፣ መስመሩ አሁንም ይርገበገባል፣ ከቅድሙ ይሻላል ግን።

የፊዚክስ ክበብ ደሴ (2፡07)
መብራት ጠፋ። ወፍጮው ዝም አለ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ!!! ልጆቹ በጨለማ እየጮሁ ነው።

ሰኞ ገበያ (2፡09)
ነገም 3 ሰዓት ላይ መብራት እንዲጠፋ ዱዓ እናድርግ ወይስ?

የኮምቦልቻ ቴክኒሻን (2፡15)
እሰይ! ነገ ለዳኞቹ አንድ ነገር አሳዩልኝ። ትኩስ ቡና በስኒ ሞልታችሁ ከአንዱ ክንድ ጨረር ሥር አስቀምጡ። የሚነሳው ሙቅ አየር መስመሩን ሲያስጨፍረው ታያላችሁ። ላይጎ ለምን ከቱቦው አየር እንደሚመጥ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ የለም። ቡናውን ከዚያ በኋላ ዳኛው ይጠጣው።

የሆጤ ወፍጮ ባለቤት (2፡40)
ጎረቤትሽን አናገርሽው?

የራያ ልጅ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡10)
እንዴት ሆነ? ስለ ባለማሳው ጻፋችሁ?

ጡረተኛው መምህር (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30)
ልጄ፣ ውጤቱን አሳውቂን እንጂ።

መርሳ 07 (ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡45)
ሰላም፣ እኔም ይህን ልሠራ ነው። የኔ ሌዘር አረንጓዴ ነው፣ ይሆናል? የምኖረው አስፋልት ዳር ነው።