የዓለታ ድልድይ፣ የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽና አካል ጉዳተኛ ጎብኚ፦ ምን ይሠራ፣ ምን አይነካ?

የታሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ ክርክሩን እኔ ልክፈት። በጎጃም ከቤት ውጭ የሚጎበኙ የታሪክ ስፍራዎች፣ እንደ መርጡለ ማርያም የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽና በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ እንዳለው እንደ ዓለታ ድልድይ ያሉት፣ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ ይስተካከሉ ወይስ ቅርስ ናቸውና እንዳሉ ይተዉ? እኔ ይስተካከሉ ባይ ነኝ። ተማሪዎች ይዘን በወጣን ቁጥር በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ይቀራል፤ ጓደኞቹ ሲመለሱ በስልክ ያነሡትን ፎቶ ያሳዩታል። መርጡለ ማርያምን ስላሠራችው ስለ ንግሥት እሌኒ ሲጠየቅ ከክፍሉ እንደ እርሱ አጥርቶ የሚመልስ የለም።

አስጎብኚ፣ ባሕር ዳር፦ መምህር፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ቦታውን ግን አንድ በአንድ እንየው። ወደ ዓለታ ድልድይ የሚያወርደው መንገድ ዐለት ነው፤ ክረምት ሲገባ በየቀኑ የምንመላለስበትን እኛን እንኳ ይጥለናል። ተሽከርካሪ ወንበር አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ፣ ይፈልጋል። ያን በዚያ ገደል ላይ ሠራን ማለት ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የቆየውን ድልድይ በኮንክሪት ከበብነው ማለት ነው። አቴንስ ውስጥ አክሮፖሊስ ላይ በ2020 እ.ኤ.አ. የኮንክሪት መንገድ አነጠፉ፤ በዚያው ዓመት ለአካል ጉዳተኞች አሳንሰር ተከሉ። በኮንክሪቱ ብዙ የቅርስ ባለሙያዎች አዘኑ። ድንጋይ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። ሰው ሲመጣ እኛ ወጣቶቹ ተሸክመን እናሳያለን።

ነጋዴ፣ ፍኖተ ሰላም፦ ጎብኚውስ የት አለ? መንገዱ ሰላም ሳይሆን ስለ ራምፕ መከራከር ቅደም ተከተል ማጣት ይመስለኛል። መጀመሪያ ሰላም፣ ከዚያ ገንዘብ፣ ከዚያ ይህ።

የቅኔ መምህር፣ ብቸና፦ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስለ ወንበር ብቻ ስትነጋገሩ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጎጃም ቅኔን ዓይኑ ለማያይ ልጅ ያልከለከለ አገር ነው። ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ በቃሉ አጥንቶ፣ ተመርቆ፣ ወንበር ዘርግቶ ያስተማረ ዓይነ ስውር በአገራችን ብርቅ አይደለም። የታሪክ ስፍራ ስደርስ ግን አስጎብኚው «እዚያ ላይ ያለውን ቅርጽ ተመልከቱ» ብሎ ያልፋል። በመርጡለ ማርያም ግድግዳ ላይ አበባ የመሰለ የድንጋይ ሥራ አለ ይሉኛል። አበባው ስንት ቅጠል አለው? ምን ያህል ከግድግዳው ወጣ ብሏል? ዋናውን ሁሉም ሰው ከዳሰሰው ተበልቶ ያልቃል፤ እሺ። አንድ ጠራቢ በልኩ ቀርጾ በር ላይ ቢያስቀምጥልኝ ግን ማን ይጎዳል? በቃል አብራርቶ መንገር ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰላምም እስኪመጣ አይጠብቅም።

የታሪክ መምህር፦ መምህሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጋዴው ወንድሜ፣ ሰላም ይቅደም ባሉት እስማማለሁ። ጦርነት ግን አካል ጉዳተኛን ያበዛል እንጂ አይቀንስም፤ ነገ ቅርሱን ሊያዩ ከሚመጡት መካከል እግራቸውን ያጡ የራሳችን ልጆች ይኖራሉ።

አስጎብኚው፣ የዓለታ ድልድይ ድንጋይ አይነካ፤ በዚህ አንለያይም። ነገር ግን ወደ ፏፏቴው በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚወስድ ሌላ መንገድ እንዳለ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። እዚያ ዋናው ችግር ጀልባው ላይ መውጣትና መውረድ ነው፤ ሰፊና የማያዳልጥ መረማመጃ ቢሠራ ብዙው ይቀላል። ስለ መሸከሙ ተማሪዬን ጠይቄው ነበር። የተሸከመው ሰው እንዳይደክም ሲሳቀቅ ምንም ሳያይ መመለሱን ነገረኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቅርስ ያልሆነው ነው። በአንድ የታሪክ ስፍራ በብሎኬት የተሠራ አዲስ መጸዳጃ ቤት አለ፤ በሩ ላይ ሦስት ደረጃ፣ በሩም ወንበር የማያሳልፍ ጠባብ። የሠራነው እኛ ነን፣ በእኛ ዘመን። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያዘዘው በ2001 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ30ኛው አንቀጹ ሙዚየሞችን ይጠቅሳል፤ ስለ ታሪካዊ ሐውልቶችና ስፍራዎች ሲናገር ደግሞ «በተቻለ መጠን» ይላል። ያ ሐረግ ለዓለታ ድልድይ ይሠራል፤ ለመጸዳጃ ቤት በር አይሠራም። ሕገ መንግሥታችንም አካል ጉዳተኛን መርዳትንና ቅርስን መጠበቅን በአንድ አንቀጽ፣ በ41ኛው፣ በመንግሥት ላይ ጥሏል። አንዱን ለሌላው ሰበብ የምናደርገው እኛው ነን።

አስጎብኚ፦ የመጸዳጃውን ነገር የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። በመረማመጃውም እስማማለሁ። መርጡለ ማርያም ላይ ግን ጠበቅ እላለሁ፦ ፍርስራሹ አጠገብ አንድ ጣውላ ከመቀመጡ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ይፍቀድ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መጠገንን ይከለክላልና። የሚሠራውም ሲነሣ ምልክት የማይተው፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ይሁን። ካህናቱም ይጠየቁ፤ ጫማ አውልቀን በምንገባበት ቤተ ክርስቲያን የወንበሩ ጎማ እንዴት ይሁን የሚለውን እኔና እርስዎ አንወስንም።

የቅኔ መምህር፦ ጎማ በውኃ ይታጠባል። እኔ መንገዱን ሁሉ የመራኝን በትር ይዤ ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው፤ የከለከለኝ የለም። ካህናቱን መጠየቁን ለእኔ ተዉት፤ ለባለሥልጣኑ የፈቃድ ጥያቄውን የታሪክ መምህሩ ይጻፉ።