ለአጎቴ ምን ዓይነት ሰንጢ ልግዛላቸው?

ጥያቄ፦
እስቲ ምከሩኝ። ለአጎቴ የኪስ ሰንጢ ልሰጣቸው ነው። ጓሮ ነው የሚውሉት፤ ገመድ ይቆርጣሉ፣ ችግኝ ይገርዛሉ፣ ብርቱካን ይልጣሉ። ጣታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ በጥፍር ተስቦ የሚከፈት ያስቸግራቸዋል።

መልስ፦
ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚባለውን የፈረንሳይ ሰንጢ እይ። ስለቱ 8.5 ሳንቲሜትር ነው። አንገቱ ላይ ያለችው ቀለበት ስትዞር ይቆለፋል፤ ጣት ላይ አይታጠፍም። ብቻ የእንጨት እጀታው ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል።

መልስ፦
እሱም እኮ ጥፍር ይፈልጋል! ቪክቶሪኖክስ የሚባለው የስዊስ ሰንጢ እኔም ኪስ ውስጥ አለ፤ አብዛኛው ግን ያው ነው። ስለቱ ላይ ቀዳዳ ወይም ጉብ ያለች መግፊያ ያለው ፈልግ። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። ብረቱ ስቴይንለስ (ዝገት የሚቋቋም) ይሁን። ካርቦን የሚባለው ብረት ሲስሉት ቶሎ ይሰላል፣ ግን ብርቱካን ሲነካው ይጠቁራል፤ እርጥቡን ኪስ ከገባማ ይዝጋል።

መልስ፦
የምትኖሩበትን አገር ሕግም እይ። ጀርመን ውስጥ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

ጠያቂው፦
ከጓሮ አይወጣም፣ ግድ የለም። መግፊያ ያለውን እገዛለሁ። እጀታው ቀይ ቢሆን ይሻላል መሰለኝ፤ ሣር ውስጥ ሲጥሉት ቶሎ ይታያል።