ግሪዱ ላይ ስቆርጥ ስኔሩ ጉልበት የሚያጣው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድራም በ4 ማይክ ሪከርድ ተደርጓል፦ ኪክ (ትልቁ የእግር ከበሮ)፣ ስኔር (በዱላ የሚመታው ስለታም ድምፅ ያለው ከበሮ)፣ ሁለት ኦቨርሄድ (ከላይ የተሰቀሉ ማይኮች)። ፍጥነቱ በደቂቃ 96 ምት፣ ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ የሚመዘገበው የድምፅ ናሙና ብዛት) 48,000። ሪፐር (የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ላይ ስናፕ (ቁራጩን መስመር ላይ የሚያጣብቀውን) አብርቼ ስኔሩን በየምቱ መስመር (ግሪድ) እየቆረጥኩ ሳስተካክል ድምፁ ይሳሳል፤ መገጣጠሚያው ላይም "ጠቅ" ይላል። ምኑ ጋ ነው የምሳሳተው?

መልስ 1፦
ግሪዱ የሚያሳይህ ምቱ ማረፍ ያለበትን ቦታ ነው። ድራመሩ 8 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ከመታ፣ መስመሩ ላይ ስትቆርጥ ዱላው ቆዳውን የነካበት ስለታም ጫፍ በፊተኛው ቁራጭ ውስጥ ይቀራል።

ስትቆርጥ ስናፑን በኦልትና ኤስ ቁልፎች አጥፋው። ታብ ስትጫን ጠቋሚው ወደ ቀጣዩ ምት መነሻ ይዘላል። መነሻው ላይ በኋላ ስናፕ ኦፍሴት (ከቁራጩ ጠርዝ ይልቅ መስመሩ ላይ የሚጣበቀውን ነጥብ የሚወስን ምልክት) ታደርግበታለህና ቦታውን ያዘው፤ መቁረጡን ግን ከመነሻው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ቀደም ብለህ በኤስ ቁረጥ። ኦፍሴቱን ካስገባህ በኋላ ስናፑን መልሰህ አብርተህ ብትጎትተው፣ መስመሩ ላይ የሚያርፈው ምቱ ራሱ ይሆናል እንጂ የቁራጩ ጠርዝ አይሆንም። ቁራጩ ዘግይቶ እንዲመጣ ወደ ቀኝ ሲጎተት ከፊቱ ክፍተት ይፈጠራል፤ የፊተኛውን ቁራጭ ጫፍ ስበህ ሸፍነውና 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ክሮስፌድ (አንዱ ድምፅ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ የሚደራረቡበት) ስጠው። ክሮስፌዱ ምቱ ሳይጀምር ማለቅ አለበት። "ጠቅ" የሚለው በዚህ ይጠፋል።

መልስ 2፦
"ስኔሩን" ብለሃል። ስኔሩን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው? እንደዚያ ከሆነ መሳሳቱ በዋናነት የመጣው ከዚያ ነው። ድምፅ በ1 ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 1 ሜትር የራቀ ኦቨርሄድ ስኔሩን 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሰማዋል። ይህ ጤናማ ነው፣ አትንካው። አንዱን ትራክ ለብቻው ስትገፋ ግን ልዩነቱ በየምቱ ይለዋወጣል፣ ሞገዶቹም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አራቱንም ትራክ ግሩፕ አድርጋቸው (በአንድነት አስተሳስራቸው)፤ አብረው ይቆረጡ፣ አብረው ይሂዱ።

ጠያቂ፦
አዎ፣ ስኔሩን ብቻ ነበር። ግን አብዛኛው ምት የዘገየ ነው፤ ሁሉንም ልቁረጥ?

መልስ 3፦
መጀመሪያ ለካው። ሁሉም በእኩል መጠን ከዘገየ ሌተንሲ (መሣሪያው ራሱ የሚፈጥረው መዘግየት) ሊሆን ይችላል። የኢንተርፌሱን (ማይኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ) መውጫ ከመግቢያው ጋር በኬብል አገናኝተህ ክሊኩን (ፍጥነት መጠበቂያውን ምት) ሪከርድ አድርግ። ለምሳሌ 240 ሳምፕል ከዘገየ በአንተ ሬት 5 ሚሊ ሰከንድ ነው። አራቱንም ትራክ ቀድመው እንዲሰሙ በዚያው መጠን ወደ ግራ ሳብ፣ ለሚቀጥለው ሪከርድም ማካካሻውን ሴቲንግ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በኋላ በጆሮህ የሚያደናቅፍህን ምት ብቻ ቁረጥ። በ96 አንድ ምት 625 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የ6 እና የ7 ሚሊ ሰከንድ ልዩነትን ሁሉ ካስተካከልክ የድራመሩን አመታት ታጠፋዋለህ።