ጠመንጃ ባርቆ ሰው ሲሞት እርቅ ብቻ ይበቃል?

አወያይ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የማነሳው ነገር ከባድ ነው። ባለፈው ጥር በአንድ ዘመዴ ሰርግ ላይ ሙሽራው ሲገባ እንደተለመደው ተተኮሰ። ከዚያ አንዱ ሚዜ ክላሹን ሊያራግፍ ሲል ባረቀበት። ጥይቱ ከዳሱ ጀርባ ወጥ ስትሠራ የነበረችን ልጅ አገኛት። ሞተች። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ካሣ ተቆረጠ፣ ቤተሰቡ ታረቀ። ፖሊስ ጋ የደረሰው «ወድቆ ባረቀ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

እርቁን አልጠላም። ጥያቄዬ ግን ይሄ ነው፦ ጠመንጃ ባርቆ ሰው ሲሞት ጉዳዩ በእርቅ ብቻ መዘጋት አለበት? እኔ የለበትም እላለሁ። ያ ሚዜ እጁ ላይ ምን እንዳደረገ የጠየቀው ሰው የለም። ካልተጠየቀ ደግሞ በሚቀጥለው ጥር ሌላው ያንኑ ያደርጋል።

የወልድያው፦ ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን ራቅ ብሎ «ፍርድ ቤት» ማለት ቀላል ነው። ልጁን ሦስት ዓመት ብታስረው ለሟች እናት ምን ይተርፋታል? ልጁ እኮ ጠላቷ አልነበረም። ምናልባት የአክስቷ ልጅ ነው። ደም አድራቂ ሽማግሌዎቹ ቶሎ ገብተው ባያስታርቁ የሟች ወንድም መሣሪያ ያነሳል። ያኔ አንዱ ሬሳ ሁለት ይሆናል። ከእስር የወጣን ሰው ደመኛው ጠብቆ ገደለው ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? ፍርድ ቤት ይቀጣል እንጂ ቂም አያወጣም። ደግሞም ባረቀ ማለት ባረቀ ነው። ልጁ ሰው ላይ አልተኮሰም። እግዜር ያመጣውን ምን ታደርገዋለህ?

ሃምሳ አለቃ፦ ልጆች፣ ይቺን የመጨረሻዋን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሠራዊት ቤት ሳለሁ ለምልምሎች መሣሪያ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «ራሱ ባረቀ» ከሚባለው አብዛኛው ራሱ አልባረቀም። እዚያ ሰርግ ላይ ባልኖርም ልጁ ምን እንዳደረገ መገመት አያቅተኝም።

ክላሽ ሲራገፍ መጀመሪያ ካዝናው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ ይነቀላል። ከዚያ ሴፍቲው፣ የመሣሪያው መቆለፊያ፣ ይወርዳል። ከዚያ ማቀባበያው ወደ ኋላ ይሳባል፤ የጎረሰችው ጥይት ዘላ ትወጣለች። ከዚያ ውስጡ በዓይን ይታያል። ጨለማ ከሆነ በጣት ይዳሰሳል። ሰው ሲቸኩል ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ካዝናው እንደተሰካ ማቀባበያውን ይስባል። አንዷ ጥይት መሬት ትወድቃለች። «ወጣች» ይላል። ማቀባበያው ወደ ፊት ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላዋን አጉርሷል። አሁን ካዝናውን ይነቅላል። እጁ ላይ ካዝና፣ እግሩ ሥር ጥይት አለ። ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ልቡ እንዲረጋ ብሎ ምላጩን ይስባል። ሰው የምትገድለው ያቺ ሁለተኛዋ ናት።

ክላሽ ጥይት ሲጨርስ ተከፍቶ የሚቆም መሣሪያ አይደለም። ሙሉም ባዶም ሆኖ ከውጭ መልኩ አንድ ነው። ሴፍቲውም ሰው ያሳስታል፤ ላይ ሲሆን ዝግ፣ መሐል ላይ እሩምታ፣ ታች ነጠላ ነው። በግርግር እስከ መሐል ብቻ አውርዶ «ነጠላ ነው» ያለ ሰው እሩምታ ይለቃል።

እግዜርን እዚህ ውስጥ አናስገባው።

ከዴንቨር፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ መሣሪያውም የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። እኔ ኮሎራዶ ነው የምኖረው፤ ኢላማ ተኩስ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሲግ ሳወር ፒ320 ሽጉጥ በሆነ አኳኋን ሲወድቅ እንደሚተኩስ በሙከራ ታየ። ኩባንያው የምላጩን ክፍል በነጻ ላስተካክል አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሬሚንግተን ሞዴል 700 ጠመንጃ ምላጩ ሳይነካ ይተኩሳል ተብሎ ለዓመታት ሲከሰስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ምላጩ እንዲቀየር በስምምነት አለቀ። ስምምነቱ 7.5 ሚሊዮን ገደማ ጠመንጃ የሚመለከት ነበር። ይሄ ሁሉ በፋብሪካ የተመረመረ መሣሪያ ነው። እኛ አገር ያለው ክላሽ ከስንት ጦርነት የተረፈ፣ ማን እንደጠገነው የማይታወቅ ነው። ሳይመረመር ሰውየውን ጥፋተኛ ማለት ይከብደኛል።

ሌላም አለ። መሣሪያውን ማን አጎረሰው? ማን ሰጠው? እ.ኤ.አ. በ2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፊልም ሲቀረጽ ተዋናዩ አሌክ ባልድዊን በያዘው ሽጉጥ የካሜራ ባለሙያዋ ሞተች። እሱ «ምላጩን አልሳብኩም» አለ። ክሱ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ደብቋል ተብሎ በ2024 ተዘጋ። የመሣሪያ ኃላፊዋ ግን በቸልተኝነት ሰው በመግደል 18 ወር ተፈረደባት። ለሰርግ ክላሽ ተውሶ የሚሄድ ስንት ወጣት አለ? አዋሹስ ለምን አይጠየቅም?

ሃምሳ አለቃ፦ ልክ ነህ ልጄ፤ ያረጀ መሣሪያ ያታልላል። ሲሞኖቭ የሚባለው ጠመንጃ መቺው መርፌ በቆሻሻና በደረቀ ግራሶ ከተያዘ ገና ሲቀባበል ይተኩሳል። አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም የሚባለውም ለዚህ ነው። መሣሪያው ቢበላሽም፣ አንተ ብትሳሳትም፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ከዞረ ሬሳ አይኖርም። እዚያ ዳስ ውስጥ ሁለት ነገር ነው የጠፋው፤ ቅደም ተከተሉና አፈሙዙ። አንዱ እንኳ ቢጠበቅ ልጅቷ ዛሬ ነበረች። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይሄዳል። ዳስ፣ ቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳም ቢሆን አይመልሰውም። «ከጀርባ ሰው መኖሩን አላየሁም» የሚል ሰው መጀመሪያውኑ ወደዚያ ማዞር አልነበረበትም።

ከዴንቨር፦ ይሄን እቀበላለሁ። እኛም ሜዳ ላይ አፈሙዙን ወደ ሰው ያዞረ ሰው ይባረራል። ባዶ ነው ቢል የሚሰማው የለም።

ሕግ አጥኚው፦ የሁላችሁም ሐሳብ ሕጉ ውስጥ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ጉዳት ማንንም አይቀጣም። መሣሪያው በእርግጥ ብልሽት ኖሮበት፣ ሰውየውም ሊያውቀው የማይችል ከነበረ፣ ጥፋተኛ አይባልም። በቸልተኝነት ሰው መግደል ግን በአንቀጽ 543 ወንጀል ነው። ተራው ቸልተኝነት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ አለው። ሙያው ወይም ሥራው ጥንቃቄ የሚያስገድደው ሰው ከሆነ፣ ጥበቃ ወይም ፖሊስ በሉት፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው። ሁለት ሰው ከሞተ ወይም ሰውየው በመጠጥ ራሱን ከሳተ ደግሞ ከአምስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይመጣል። ሰርግ ቤት ጠጅና አረቄ እንዳለ አትርሱ።

እርቅና ፍርድ ቤት አብረው ይሄዳሉ። የተጸጸተና የካሰ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። እኔን የሚያናድደኝ እርቁ ሳይሆን «ወድቆ ባረቀ» የምትለው ቃል ናት። በሽማግሌ ፊት እውነቱ ተነግሮ ለመንግሥት ሌላ ነገር ከተነገረ መሣሪያው ሳይመረመር ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177 መሣሪያ በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ይላል። ይሄኛው ክላሽ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው እንኳ የጠየቀ የለም።

ሲስተር፦ እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሕጉን እሰማለሁ፤ የማየው ግን ሌላ ነው። ጥይት ባርቆ ሰው ሲመታ ቤተሰብ ቁስለኛውን ወዲያው አያመጣም። መጀመሪያ ምን እንደሚባል ይመክራል። የባረቀበት ሰው ይሰወራል፣ መሣሪያው ይደበቃል፣ የሁሉም ቃል ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ነው ቃሬዛ የሚነሳው። ጭኑ ላይ ትልቁ የደም ሥር የተቆረጠ ሰው ደግሞ የሚቆጠርለት በደቂቃ ነው። አንድ ወጣት ቁስሉ ላይ ቡና ተደፍቶበት፣ በነጠላ ተጠምጥሞ መጣ። ነጠላው ደም ጠጥቶ ከብዷል። ከቤት እስከ እኛ ድረስ በእጁ አጥብቆ የተጫነው አንድ ሰው አልነበረም። ተሸካሚዎቹ መንገድ ላይ ሁሉ ሲነጋገሩ የነበረው ስለ ፖሊስ ነው።

ስለዚህ እስር እስር ስትሉ እፈራለሁ። ያ ፍርሃት ራሱ ሰው ይገድላል። የምትከራከሩ ሁሉ እባካችሁ ይቺን ለሰፈራችሁ ንገሩልኝ፦ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ሐኪም እስኪቀበላችሁ አትልቀቁ።

የወልድያው፦ ተባረኪ እህቴ። እኔም ይሄንኑ ነው የምለው።

አወያይ፦ ሲስተር ያልሽው እውነት ነው፤ ልቤን ነክቶታል። ግን ሰው የሚደብቀው መደበቅ ስለሚያዋጣ አይደለም ወይ? «ወድቆ ባረቀ» ብሎ ነጻ የሚወጣ ከሆነ ለምን ቸኩሎ ያመጣል? ቁስለኛውን ወዲያው ያደረሰ፣ እውነቱን የተናገረ ሰው እንደሚቀልለት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በአደባባይ ይናገሩ። ካሣ ከመቆረጡ በፊትም ጠመንጃው እንዴት እንደባረቀ ልጁ በራሱ አፍ በሰው ፊት ይናገር። ካዝናውን መቼ ነቀልክ? አፈሙዙ ወዴት ነበር? ማን አዋሰህ? ለሟች እናት ይሄ አይገባትም ትላላችሁ?

የሰርግ ዘፋኝ፦ ለምን ሰርግ ላይ ይተኮሳል? ወደ ሰማይ የሄደውስ ሰው ላይ አይወርድም? ይቅር በቃ።

የወልድያው፦ ለጀግና ለቅሶና ለሰርግ መተኮስ የአባቶቻችን ወግ ነው። ይቅር ካላችሁ የሚሰማችሁ የለም፤ ሌላውንም ምክር አብሮ ይጥለዋል። አያያዙን አስተምሩ ብትሉ ይሻላል። ሌላም ልበል። እዚህ አገር ሰው ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ መተኛት አይችልም። ሌሊት ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። አጉርሶ ራስጌው ላይ ነው የሚሰቅለው።

ሃምሳ አለቃ፦ ካዝናው ይሰካ፤ ማጉረስ ግን አያስፈልግም። ማቀባበያ ለመሳብ አንድ ሰከንድ ይበቃል። ጥይት ያጎረሰ ጠመንጃ ራስጌው ላይ የሰቀለ ሰው ጠዋት እርሻ ሲወርድ ልጆቹን ከመሣሪያው ጋር ቤት ትቷቸው ነው የሚሄደው። ያ የሚፈራው ሌባ ዓመቱን ሙሉ ላይመጣ ይችላል። ልጁ ግን በየቀኑ እዚያው ነው። የአባቱን እጅ እያየ ያደገ ልጅ ሴፍቲ ማውረድ አያቅተውም። ሲወጡ ይዘውት ይውጡ፤ አለዚያ ጥይቱ አንድ ቦታ፣ ጠመንጃው ሌላ ቦታ ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ በአባቱ መሣሪያ ወንድሙን የመታ ሕፃን አይቻለሁ። ስድስት ዓመት አይሞላውም። እሱን ማን ያስታርቀዋል?

የወልድያው፦ ለዚህ መልስ የለኝም እህቴ።

እሺ፣ እኔ የምችለውን ልናገር። በእኛ ሰፈር ለሚመጣው ጥር ብዙ ሰርግ አለ። መሣሪያ ይዞ የመጣ ሁሉ ዳስ ሳይገባ አንድ ቤት እንዲያስቀምጥ፣ መሣሪያ የሚያውቅ አንድ ሰው በየተራ እንዲያራግፈው ለሽማግሌዎቹ አነሳለሁ። ማራገፉ ከቤቱ ጓሮ፣ አፈሙዙ ወደ ገደሉ ሆኖ። የጠጣ ሰው እስኪነጋ መሣሪያው አይመለስለትም። ይሄን ይሰሙኛል ብዬ አምናለሁ፤ ባለቤቱም ክብሩ አይነካም። ልጁ በሰው ፊት ይናገር የሚለውንም እደግፋለሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ፖሊስ ጋ ይሂዱ የሚል ከመጣ ግን እሱን አልሸከምም። ያንን የሟች ቤተሰብ ይወስን።

ሕግ አጥኚው፦ የማራገፉን ነገር ከልቤ ነው የምደግፈው። መጨረሻው ላይ ግን አንስማማም። በቸልተኝነት መግደል ቤተሰብ ሲፈልግ የሚከሰስ፣ ሲተው የሚቀር ጉዳይ አይደለም። የሟች ወገን ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ የመክሰስ ሥልጣን አለው።

የወልድያው፦ ሥልጣኑ አለው። ማታ የሟች ወንድም በር ላይ የሚቆመው ግን ዐቃቤ ሕጉ አይደለም፤ እኔና ሽማግሌዎቹ ነን። ይሄን የሚተካ ነገር እስክታሳዩኝ ድረስ አቋሜ ይሄው ነው።