አስተስርዮ እና አስተርእዮ አንድ ናቸው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት እስራኤል፣ ነታንያ ነው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት የጎንደር እናት አሉ፣ ቤተ እስራኤል ናቸው። ትናንት ቡና ላይ «ከአስተስርዮ እስከ ስግድ ሃምሳ ቀን ነው፣ ቁጠሪው» አሉኝ። ሁለቱም የቤተ እስራኤል በዓላት ናቸው። እኔ የማውቀው ጥር 21 የሚውለውን አስተርእዮ ማርያምን ነው። አንድ ናቸው? ደግሞ የሳቸው ቀን ጾም ነው። «እንኳን አደረሰዎት» ይባላል ወይስ ነውር ነው?

የግስ ተማሪ፦
እህቴ፣ አይገናኙም። አስተርእዮ «ርእየ» ከሚለው ነው፤ መታየት፣ መገለጥ ማለት ነው። አስተስርዮ ግን «ሰረየ» ካለው ነው፣ ይቅር አለ። ስርየት የምንለውም ከዚሁ ነው የወጣው። ሁለቱም ግሶች በ«የ» ስለሚጨርሱ ጫፋቸው «ዮ» ይሆናል። እኛ ደግሞ «እ»ን ውጠን «አስተርዮ» ስለምንል ልዩነቱ አንዲት «ስ» ብቻ ሆና ትቀራለች። ጎረቤትሽ ያሉት ዮም ኪፑርን፣ የአይሁድን የስርየት ቀን ነው፤ በዕብራውያን አቆጣጠር የቲሽሬ ወር 10ኛ ቀን።

ደጀ ሰላም፦
«አይገናኙም» ብለህ ቶሎ አትዝጋው። ዘሌዋውያን 16 ቁጥር 2ን ክፈት። የዚያ ቀን ሥርዓት የሚጀምረው እግዚአብሔር በታቦቱ የስርየት መክደኛ ላይ በደመና «እታያለሁ» ሲል ነው። መታየትና ማስተስረይ በአንድ ቁጥር ውስጥ! አባቶች ሁለቱን ቃላት ያቀራረቡት በከንቱ አይመስለኝም።

ከሬሆቮት፦
መክደኛው ላይ ልጨምር። በዕብራይስጥ መክደኛው ካፖሬት ነው፣ ቀኑ ኪፑር። ሥራቸው አንድ ነው። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስርየትንም መክደኛንም አብሮ የጻፈው ደስ ይላል፤ አንዱ ብቻ ቢሆን ይጎድል ነበር።

የግስ ተማሪ፦
የምሥጢር መቀራረብ ሌላ፣ የግስ ዘር ሌላ። ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ «ርእየ»ን ከ«ሰረየ» የሚያዛምድ መምህር አልገጠመኝም።

ደጀ ሰላም፦
እሺ መምህር፣ በየትኛው ሰ ነው ታዲያ የጻፍከው? ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ለሥርየተ ኃጢአት» የሚለው በንጉሡ ሠ ታትሞ ነው የማየው።

የግስ ተማሪ፦
ብዙ መጽሐፍ ላይ እንዲያ ነው፣ ግን መደባለቅ ነው። በንጉሡ ሠ «ሠረየ» ሲሆን መድኃኒት አደረገ፣ አስማት ሠራ ማለት ነው። ሥራይና መሠርይ ከዚያ ይወጣሉ። ይቅርታው በእሳቱ ሰ ነው። ይህችን ፊደል ካልጠበቅን ይቅር ባዩንና ጠንቋዩን ከአንድ ግስ ልናወጣቸው ነው።

ደጀ ሰላም፦
ኃጢአት በሽታ ከሆነ ስርየቱ መድኃኒት መሆኑ ምን ይከፋል?

ከሬሆቮት፦
ሃምሳውን ቆጥሬዋለሁ። ቲሽሬ 30 ቀን ነው፣ ከ10ኛው በኋላ 20 ይቀራል። ስግድ በቀጣዩ ወር፣ ሄሽቫን 29 ነው፤ 20 እና 29፣ 49። አስተስርዮን ራሱን ሲጨምሩ 50። ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት፣ የሰባቱ ሳምንታት በዓል፣ እንደሚቆጠረው ማለት ነው። ድሮ ለስግድ ጎንደር አምቦበር ተራራ ላይ ነበር የሚወጣው፣ ዛሬ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ነው። የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ብሎ በሕግ አጽድቆታል። ቄሶቹ በጃንጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው በግእዝ ያነባሉ፣ ከሰዓት ጾሙ በዳቦ ይፈታል። ምህለላም ይሉታል።

የግስ ተማሪ፦
ስግድ ላይ እኔም የምጠይቀው አለኝ። ለምን ስግደት አልተባለም? «ስግዱ ለእግዚአብሔር» ከሚለው ከመጣ ለአንድ ሰው ትእዛዙ «ስግድ» ነው። በዓሉ ስሙ ራሱ «ስገድ!» እያለ የሚጠራ ይመስለኛል።

ከሬሆቮት፦
እዚህ ግን «ግ»ን ከ«ድ» ጋር አያይዘው ነው የሚያነቡት፣ እንደ ግብርና ክብር። ትእዛዝ ቢሆን መሐሉ ላይ ትንሽ ድምፅ ይሰማ ነበር። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፣ ጆሮ ነው የሚለየው። ስለዚህ ስም ነው።

ደጀ ሰላም፦
ጆሮ ከተባለማ የጎንደር ሽማግሌ ሲጠራው ነው መስማት ያለብን፣ እስራኤል የተወለደ ልጅ ሲጠራው አይደለም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ጾሙ ግን ነገ ማታ ነው የሚገባው። ጠዋት ደረጃው ላይ አገኛቸዋለሁ። «እንኳን አደረሰዎት» ልበላቸው?

የግስ ተማሪ፦
እህቴ፣ ስታገኛቸው እባክሽ «ስግድ» በያቸውና ሲመልሱልሽ «ግ»ዋን አዳምጪልን።