ለአስፈሪ ጌም የካራክተሬን ታሪክ አራት ገጽ ጻፍኩ፣ ኪፐሩ ግን «ለኔ ምን ተረፈኝ?» አለኝ

የስልቨር ስፕሪንጉ

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሜሪላንድ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቅዳሜ ማታ ኮል ኦፍ ክቱሉ የሚባል ጌም ልንጀምር ነው፣ ሰባተኛው እትም። ለማያውቀው፦ ስክሪን የለም፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው። አንዱ ኪፐር ይሆንና ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንጫወታለን። ነገሩ አስፈሪ ነው፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ወይ ሞት ወይ እብደት ነው። እናቴ ስለ ምን እንደሆነ ስትሰማ «ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም» ስላለች የምንጫወተው ሌላ ሰው ቤት ነው።

ጨዋታችን ቦስተን ውስጥ ነው፣ ዘመኑ 1928። ኪፐሩ «የካራክተርህን የኋላ ታሪክ ጽፈህ ና» ሲለኝ ሀበሻ ላድርገው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አደርኩ። ባጭሩ እንዲህ ነው፦

ስሙ ተክሌ። በአድዋ ዓመት፣ በ1888 ተወለደ። አባቱ ሰገሌ ላይ ሞተ። ጎንደር ሄዶ ቅኔ ተማረ፣ ደብተራ ሆነ፣ አስማት ለመደ፣ ጋኔን ጠራ፣ ጋኔኑ ሚስቱን ገደለበት። ፊቱ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለው። ጨለማ ይፈራል። የተረገመ ብራና አንብቦ ግማሽ አብዷል። ዘመድ የለውም፣ ማንንም አያምንም፣ ብቻውን አሜሪካ መጣ።

ኪፐሩ አንብቦ ሲጨርስ ሳቀ። «አሪፍ ነው፣ ግን ለኔ ምን ተረፈኝ?» አለኝ። ቀጥሎ «ይሄ ሰውዬ ምን እንዳያጣ ነው የሚፈራው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። እውነት ለመናገር ትንሽ ተናድጃለሁ። አስፈሪ ጌም አይደል እንዴ? አስፈሪ ታሪክ ነው የጻፍኩት። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ናይሮቢ ያለው ኪፐር

ወንድሜ አትናደድ፣ ሁላችንም የመጀመሪያውን እንዲህ ነው የጻፍነው። የኔ የመጀመሪያ ካራክተር ሦስት ጦርነት አልፎ አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ነበር፣ እና በጣም አሰልቺ ነበር።

የካራክተር ወረቀትህን ገልብጠው። የኋላ ታሪክ የሚጻፍበት ቦታ ላይ አሥር ርዕስ አለ። ስትጀምር የምትሞላው ስድስቱን ነው፦ መልኩ፣ እምነቱ፣ የሚወዳቸው ሰዎች፣ ልዩ ትርጉም ያለው ቦታ፣ የሚሳሳለት ዕቃና ጠባዩ። የቀሩት፣ ማለትም ጠባሳና ጉዳት፣ ፍርሃትና አባዜ፣ ያነበባቸው እርኩስ መጻሕፍት፣ ያያቸው ፍጡራን፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆነው ነው የሚጀመሩት። እነሱ የሚሞሉት በጨዋታው ነው። አንተ ምን አደረግህ? ባዶ የሚተወውን ሁሉ ሞላህና የሚሞላውን ባዶ ተውከው። ጠባሳው አለ፣ ፍርሃቱ አለ፣ ብራናው ተነቧል፣ ጋኔኑ ታይቷል። የሚወደው ሰው ግን የለም። ኪፐርህ «ምን ተረፈኝ» ያለው ለዚህ ነው፣ ሥራውን ሠርተህበት መጣህ።

ሁለተኛ፣ ይሄ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ፣ በሕጉም ትጎዳለህ። ሳኒቲ የሚባለው ነጥብህ፣ የካራክተርህ የአእምሮ ጤንነት ማለት ነው፣ ሲጀመር ፓወር ከሚባለው የመንፈስ ጥንካሬው ጋር እኩል ነው። ፓወር ደግሞ ሦስት ዳይስ ጥለህ በአምስት የምታበዛው ስለሆነ አብዛኛው ሰው 50 አካባቢ ይዞ ነው የሚነሳው። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። መልሰህ ትንሽ ከምታገኝባቸው መንገዶች አንዱ ከታሪክህ ውስጥ አንዱን «ዋናው ማሰሪያ» ብለህ መምረጥ ነው፣ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቦታ ወይም ዕቃም ሊሆን ይችላል። አንድ ጀብዱ ሲያልቅ ካራክተርህ ከዚያ ሰው ጋር ጊዜ ያሳልፋል፣ ዳይስ ትጥላለህ፣ ከተሳካልህ እስከ ስድስት ነጥብ ይመለስልሃል። ካልተሳካ አንድ ታጣለህ፣ ማሰሪያውም ራሱ ይበላሻል፦ ትጣላላችሁ፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ እንዲህ ያለ ነገር። ዘመድ የሌለው፣ ማንንም የማያምን ሰው ምኑን ይዞ ይመለሳል?

አንድ የምወደው ሕግ ልንገርህ። በአንድ ጊዜ አምስትና ከዚያ በላይ ሳኒቲ ካጣህ በኢንተለጀንስህ ላይ ዳይስ ትጥላለህ። ካለፍክ ታብዳለህ። ከወደቅክ አይደለም፣ ካለፍክ! ያየው ነገር የገባው ሰው ነው የሚያብደው፣ ያልገባው ተርፎ ይሄዳል። ሲያብድ ደግሞ ኪፐሩ የኋላ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ መነካካት ይችላል። የሚወደውን ሰው መጥላት ይጀምራል፣ እምነቱ ይጣመማል። እንግዲህ አንተ የምትጽፈው ኪፐሩ ቀስ እያለ የሚያፈርሰውን ቤት ነው። የፈረሰ ቤት ሰጥተኸው አፍርስ አትበለው።

ወለተ ሥላሴ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የመጣሁት ስለ ደብተራው ነው።

አያቴ ደብተራ ነበሩ። እባካችሁ ሀበሻ አስፈሪ ነገር ሲጽፍ ሁልጊዜ ደብተራ፣ ጋኔን ጠሪ፣ ደብተራ፣ ጋኔን ጠሪ። አያቴ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ማኅሌት ሲቆሙ የሚያድሩ፣ ጠዋት ደግሞ በጉንፋን ድምፅ የሚቆጡን ሰው ነበሩ። አዎ፣ ክታብም ይጽፉ ነበር፣ አልክድም። ግን የሚያስፈራው እኮ እሱ ነው፣ ሰላማዊ ሆኖ ሳለ ትንሽ የሚከብድ ነገር ያለው። ታውቃለህ አይደል፣ የድሮው የብራና ክታብ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ተጠቅልሎ ማኅደር ውስጥ ይገባል፣ ሰውየው አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። የራስህን ቁመት ጠቅልለህ ይዘህ ትዞራለህ ማለት ነው።

ለተክሌ እሱን ስጠው። ሕፃን ሆኖ ሲታመም እናቱ ያሠራችለት ክታብ። ጋኔን አያስፈልግህም።

ጨለማ ወዳዱ

እኔ ግን ትንሽ ልቃወም። ሁሉም ሰው «ደስተኛ ሰው ጻፍ፣ ቤተሰብ ስጠው» ይላል፣ ከዚያ ጠረጴዛው በሙሉ እናቱን በሚወድ ጋዜጠኛና እናቱን በሚወድ ሐኪም ይሞላል። አንድ ቁስል ይኑረው እንጂ! ሰው ለምንድነው ማታ የማያውቀው ቤት ምድር ቤት የሚወርደው? ጤነኛ ሰው ፖሊስ ጠርቶ ይተኛል። የሚያወርደው ነገር መኖር አለበት።

ጋኔኑን ግን እኔም ወድጄዋለሁ ሃሃሃ።

ናይሮቢ ያለው ኪፐር

@ጨለማ ወዳዱ፣ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ቁስል። ግን ቁስሉ ከሰው የመጣ ቢሆን ይሻላል። ጋኔን ሚስቱን ከገደለበት፣ ቦስተን ላይ ሌላ ጭራቅ ሲያይ «እንደገና?» ነው የሚለው። ድንጋጤው የለም።

ጋሼ የቀድሞው አስተማሪ

ልጆች፣ ጨዋታውን አላውቀውም፣ የልጅ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። ግን ታሪኩ ላይ ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ ዘመን አቆጣጠር። 1888 ብለህ የጻፍከው በኛ ነው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ማለት በፈረንጆቹ ማርች 1896 ነው። መሪያችሁ ፈረንጅ ከሆነ እንዳለ ነው የሚያነበው። ለሱ ተክሌ የ40 ዓመት ሰው ነው፣ ላንተ 32።

ሁለተኛ፣ አባቱ ሰገሌ ላይ ሞተ ብለህ አለፍከው። በየትኛው ወገን? በንጉሥ ሚካኤል ነው ወይስ በሸዋ? ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1909 ጥቅምት ላይ ከተሸነፈው ወገን ከሆነ ልጁ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የአባቱን ስም ዝቅ አድርጎ እየጠራ ነው የኖረው። ከዚያ ወዲያ ጋኔን ምን ያደርግልሃል?

ሦስተኛ፣ እንዴት አሜሪካ ደረሰ? በ1924፣ በነሱ ማለቴ ነው፣ በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የኢትዮጵያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ተማሪ ግን ከኮታው ውጭ ይገባል። ስለዚህ ተማሪ አድርገው። ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ ዓመታት ሆኖታል፣ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ። ጥቁር ሰው በ1928 አሜሪካ ውስጥ ሁሉ በር አይከፈትለትም፣ ይህንንም ከጓደኞችህ ጋር አስቀድመህ ብትነጋገርበት ይሻላል፣ ጠረጴዛ ላይ ድንገት ባይመጣ።

አንድ ልጨምር። የኅዳር በሽታን ታውቃለህ? በ1911 ኅዳር አዲስ አበባን ያራገፈው ኢንፍሉዌንዛ። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ ከሱ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው። ያንተ ተክሌ ያኔ 23 ዓመቱ ነው። የት ነበር?

የስልቨር ስፕሪንጉ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የዘመኑን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

ናይሮቢ ያለው ኪፐር

ጋሼ፣ ሳያውቁት ነጥብ አትርፈውለታል! በጌሙ ሕግ 40 የሞላው ካራክተር ከጉልበት፣ ከጤንነትና ከቅልጥፍናው በድምሩ አምስት ነጥብ ይቀነስበታል፣ ከመልኩ ደግሞ ሌላ አምስት። ትምህርቱ ላይ ተጨማሪ ዕድል ያገኛል፣ ግን ሮጦ ማምለጥ ሲኖርበት ትምህርት ምን ይሠራል። በካላንደር ስህተት ስምንት ዓመት ያረጀ ካራክተር ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

@የስልቨር ስፕሪንጉ፣ አሁን ጋሼ የጠየቁህን መልስ። የት ነበር? እና ማን ጋር? ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥ። ኪፐርህ ጨዋታው መሃል ሆኖ አራት ገጽ አያነብም፣ እኔም አላነብም።

የስልቨር ስፕሪንጉ

ሦስት ቀን ወሰደብኝ። ሚስቱን አወጣኋት፣ ጋኔኑንም፣ ጠባሳውንም። ከጎንደር አላወጣሁትም፣ ቅኔውን ተምሯል፣ ግን ሳይጨርስ ነው የተመለሰው። እዩልኝ፦

ተክሌ፣ 32 ዓመቱ፣ ቦስተን ውስጥ ተማሪ ነው። ማታ ማታ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ማንም የማያነባቸውን የግዕዝ ብራናዎች እየለየ ይመዘግባል። አባቱ ሰገሌ ላይ በንጉሥ ሚካኤል ወገን ወድቋል፣ ተክሌ ሲጠየቅ «በሽታ ነው» ይላል። አዲስ አበባ ታላቅ እህቱ ታጠቅዬሽ አለች። ደብዳቤዋ ሲመጣ ቶሎ አይከፍተውም፣ ኪሱ ውስጥ ሁለት ቀን ይዞት ይዞራል። በኅዳሩ በሽታ ጊዜ የሷ ልጅ ሲታመም ተክሌ «ውሃ ላምጣ» ብሎ ወጣና ለስምንት ቀን አልተመለሰም። ሲመለስ ልጁ ተቀብሯል። ታጠቅዬሽ የት ነበርክ ብላ አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም፣ እንጀራ አቀረበችለት። አሁን የቆሻሻ ጭስ ሲሸተው እጁን ይታጠባል። ራሱን ደፋር አድርጎ ነው የሚያወራው። አንገቱ ላይ እናቱ በሕፃንነቱ ያሠራችለት ክታብ አለ፣ በዚያን ጊዜ ቁመቱ ልክ የተቆረጠ። ከፍቶት አያውቅም።

ዋናው ማሰሪያ፦ ታጠቅዬሽ።

ወለተ ሥላሴ

እንጀራ አቀረበችለት ያልከው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ኧረ በጣም ጥሩ ነው።

ጨለማ ወዳዱ

እሺ ምድር ቤት የሚያወርደው ተገኘ። ሁለተኛ ላለመሸሽ ሲል ይወርዳል። ጋኔኑን ይቅር ብያለሁ።

ናይሮቢ ያለው ኪፐር

ይሄ ነው! አሁን ኪፐርህ የሚይዝበት አለው። ደብዳቤው ሊዘገይ ይችላል፣ የእጅ ጽሑፉ ሊቀየር ይችላል፣ ላይብረሪ ውስጥ ከሚመዘግባቸው ብራናዎች አንዱ ላይ የእህቱ ስም ሊገኝ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ዋናውን ማሰሪያህን ዳይስ ሳያስጥልህ ዝም ብሎ ሊያጠፋብህ አይገባም፣ መጀመሪያ በዳይስ የማዳን ዕድል ሊሰጥህ ይገባል። መጽሐፉ ላይ አለ። ሌላውን ግን፣ ክታቡን ጨምሮ፣ እንደፈለገ ነው።

ላይብረሪ ዩዝ የሚለው ችሎታ ላይ፣ ላይብረሪ ገብቶ መረጃ መፈለግ ማለት ነው፣ ነጥብ ማፍሰስ እንዳትረሳ። መነሻው 20 ብቻ ነው፣ በዚህ ጌም ከሽጉጥ በላይ የሚያስፈልግህ እሱ ነው።

የስልቨር ስፕሪንጉ

ላኩለት። ቅዳሜ እንጀምራለን። ማታ በቴክስት መለሰልኝ፣ ስለ እህቱም ስለ ሰገሌም አንድ ቃል የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጻፈው፦ «ተክሌ አሁን ቁመቱ ስንት ነው?»